ድልድዩን ለእኔ ተው

ያ እሁድ እንደ ሌላው እሁድ ነበር። ሙቀቱም እንደ ወትሮው ነበር። እናታችን በጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርዳ የሳምንቱን አስቤዛ ሸምታ ተመልሳለች፤ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ እግሯን በሳፋ ውሃ ነክራለች። ወንድሜ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያየዋል እንጂ አይመታውም። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። በዚያ ሳምንት የባቡር መጠገኛው ውስጥ የጋለ ብረት ነክቶት ነበር።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ድክ ድክ የምል ልጅ ስለነበርኩ ትምህርት ቤት ያስገባኝም፣ ሳጠፋ የቆነጠጠኝም እሱ ነው።

ጊታሩን የተወለት አንድ ጣልያን መካኒክ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ ድሬዳዋ የቀረ ሰው ነበር። ጊታር መምታቱንም ያስተማረው እሱ ነው። የጊታሩን አካላት ስም ወንድሜ ከጣልያንኛው እየመለሰ ለእኔ ነገረኝ። ክሮቹ የሚወጠሩበትን ረጅም እንጨት አንገት እንለዋለን። ከታች፣ ሆዱ ላይ፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን አጭር እንጨት ጣልያኑ ፖንቲቼሎ ይለው ነበር። ትንሽ ድልድይ ማለት ነው አሉ። በቤታችንም ድልድይ ተባለ። ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ አንድ የሥራ ባልደረባው ሊያገባ ነው። ወንድሜ ሠርጉ ላይ ሊጫወት ቃል ገብቷል። ችግሩ የጊታሩ ክሮች ሽቦ ናቸው።

«ሽቦ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ምላጭ የጨበጥኩ ነው የሚመስለኝ» አለ።

«እንግዲያው ቃልህን መልስ» አለች እናታችን። «ሙሽራው ያላንተ ጊታር አያገባም ወይ?»

«ያገባል። ግን አይጨፍርም።»

እሷ ሳቀች። እሱም ሳቀና ከሸሚዝ ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። በጅቡቲ ባቡር የሚመላለስ ጓደኛው ያመጣለት የናይለን ክር ነው። ሦስቱ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋሉ። ሦስቱ ወፈር ያሉ ናቸው፤ በላያቸው ቀጭን ብርማ ነገር ተጠምጥሞባቸዋል። ዳበስኩት። ከሽቦው ጋር ሲነጻጸር እንደ ሐር ነው። የተቃጠለ ጣትም ይችለዋል።

እሱ ግን ሰኞ ንጋት ላይ ለሥራ ወደ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሊሄድ ነው። የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ክሩን የምቀይረው እኔ ነኝ።

«እርሳስ አምጣና ጻፍ» አለኝ።

«በቃሌ እይዘዋለሁ ጋሼ።»

«ባለፈው ጨው ልኬው በርበሬ ይዞ የመጣ ልጅ!» አለች እናታችን። «አስጽፈው፣ አስጽፈው።»

ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። ያን ወረቀት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስላነበቡልኝ፣ እስከ ነጠብጣቡ አውቀዋለሁ።

«ሽቦዎቹን ቀስ በቀስ አላላ። በአንድ ጊዜ አትቁረጥ፣ አንገቱ ይጎዳል። ድልድዩ ላይ ያሉትን ስድስት ችንካሮች ንቀል። መንገዱን በሞረድ አስፋ፣ ናይለን ወፍራም ነው። ጫፉን ሁለቴ ቋጥር፣ እንዳያመልጥ። ድልድዩን ለእኔ ተው። ማክሰኞ ጨርስ።»

ይኸው ነው። ችንካሮች ያልናቸው ክሮቹን ድልድዩ ላይ የሚይዙ ትናንሽ የአጥንት ቁራጮች ናቸው። መንገድ ያልነው ክሩ የሚያልፍበትን ስንጥቅ ነው። ድልድዩን ለእኔ ተው ያለው ከፍታውን ማስተካከል ረቂቅ ሥራ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ላይ ጊታር የሚል ቃል የለም። ለምን ይኖራል? ጊታሩ እኮ ጭኑ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ነገረኝ፤ አልጻፍኩትም። «ናይለን አዲስ ሲሆን ይለጠጣል። ቢቃኙት ይወርዳል፣ ቢቃኙት ይወርዳል። ቀን ይፈልጋል። ማክሰኞ ከጨረስክ እስከ እሁድ ይረጋል።» እኔ «ማክሰኞ ጨርስ» የምትለውን ብቻ ጻፍኩ። ምክንያቱ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

ሰኞ ማታ ሽቦዎቹን አላላሁ፣ ችንካሮቹንም ነቀልኩ። ማክሰኞ ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከዕደ ጥበብ መምህራችን ቀጭን ሞረድ ልዋስ አስቤ ነበር።

በዚያ ሰሞን የባቡር ሠራተኞች ከአለቆቻቸው ጋር ተጣልተው ሥራው አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል። ከከተማው ውጭ የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ የሚባል ወሬም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ተማሪው ክፍል አልገባም ብሎ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። እኔ መሪ አልነበርኩም። ከኋላ ቆሜ ሌሎች ሲጮኹ ጮኽኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም። ፖሊሶች በካሚዮን መጡ። ከኋላ የቆምነውን ነው የያዙን፤ ከፊት የነበሩት አጥሩን ዘለው ሄደዋል።

ያስገቡን የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ጠባብ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ኖራው ተልጧል፣ ጠቁሯልም፤ ስንት ጀርባ ተደግፎት እንደሆነ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መስኮት አልባ ክፍል በእኩለ ቀን ምን እንደሚመስል አስረዳኝ አይለኝም። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ከተማሪዎቹ ሌላ አንድ የጋሪ ነጂ ነበር፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ጎልማሳ ሰው።

«ወሪያ፣ ና እዚህ ተቀመጥ» አለኝ፣ ሽርጡን ሰብስቦ ቦታ እየለቀቀልኝ። «አንተ ምን አጠፋህ?»

«እንጃ። እርስዎስ?»

«እኔ ምንም። ፈረሴ ነው። የትልቅ ሰው መኪና ሲያልፍ መንገድ መሃል ቆሞ ሸና። አቦ፣ ፈረስ ሲሸና ይነዳል እንዴ? እኔን አሰሩ፣ እሱ ውጭ ሣር ይበላል። ወላሂ፣ ከእኛ ሁለታችን ሰውየው እሱ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ እስከ ማታ የሚለቁኝ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጠሩኝ። የሚመረምረኝ ሻምበል ከላይ አገር የመጣ፣ ንጹሕ አማርኛ የሚናገር፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ከኪሴ የወሰዱት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በአራት ማዕዘኑ ላይ አራት ጠጠር አስቀምጦበታል፣ የማራገቢያው ነፋስ እንዳይወስደው።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው ጌታዬ።»

«ናይለን የሚባለው ማነው?»

ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳየው ግን ተወኝ።

«ሰው አይደለም ጌታዬ። ክር ነው። የጊታር ክር።»

«ናይለን ሸሚዝ ነው የማውቀው።» ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «ሽቦ። ችንካር። ድልድይ። ማክሰኞ። አንተ የተያዝከው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ጌታዬ። ግን ይህ ጊታር ነው። ሽቦው የጊታር ሽቦ ነው፣ ድልድዩም የጊታር ድልድይ ነው።»

«ይህን ከራስህ አፍልቀህ ጻፍከው?»

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። አሁንም እርሳሱን አስቀምጬ ውጭ ወጥቼ ነው የተመለስኩት።

ጽሕፈቱ የእኔ ነበር። እሺ የእኔ ነው ብዬ እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቢመቱኝም መትተው ይለቁኝ ነበር። ግን እውነቱ ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕ እውነት ሰው የሚጎዳ አልመሰለኝም። ወንድሜ መጥቶ ቢያስረዳቸው በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ መሰለኝ። እሱ ሁሉን ነገር ያስረዳ ነበርና።

«ወንድሜ ነው ያጻፈኝ» አልኩ።

«ወንድምህ ምን ይሠራል?»

«ባቡር ነው የሚጠግነው።»

ሻምበሉ ወደ ወንበሩ ተደገፈ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ስሙንና ያለበትን ጣቢያ ብቻ። ሁለቱንም ነገርኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደገና ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ጊታሩ ተጋድሟል። ከቤት አምጥተውታል። ክሮቹ እኔ እንዳላላኋቸው ተንጠልጥለዋል፤ የናይለኑ ጥቅልና ችንካሮቹም አብረውት አሉ። ወንድሜ ጥጉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጆቹ ከፊት ታስረዋል። ጣቶቹ ላይ የነበረው ጨርቅ የለም። አንድ ዓይኑ አብጧል። እኔን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፣ በመንገድ የተገናኘን ያህል።

«አንተ እንዳትናገር» አለው ሻምበሉ። ወደ እኔ ዞረ። «ጊታር ነው አላችሁ። እሺ። ሥራውና አሳየኝ። እዚሁ።»

ያኔ በጣም ደስ አለኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን ደስ አለኝ። በገዛ እጄ ያበላሸሁትን በገዛ እጄ የማስተካክልበት ዕድል ተሰጠኝ። ስድስት ክር ማሰር ነው፤ ከዚያ ጊታሩ ይጮኻል፣ ወረቀቱ ወረቀት ይሆናል፣ ወንድሜ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሽቦዎቹን አወጣሁ። የሽቦ ክር ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት አለው፤ ችንካሩ እሱን ይይዘዋል። ናይለን ግን ጫፉ ባዶ ነው፣ መቋጠር አለበት። የመጀመሪያውን አንዴ ቋጥሬ ከድልድዩ ቀዳዳ አስገባሁና ችንካሩን ጫንኩበት። ስወጥረው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ጉንጬን ገረፈኝ። ወንድሜን አየሁት። እሱ ዝም ብሎ ሁለት ጣቶቹን አነሳ። ሁለቴ። ሁለቴ ቋጠርኩ። ያዘ።

ስድስቱንም አሰርኩ። ላቤ ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ። መንገዱን ያልሞረድኩት ስለሆነ ወፍራሞቹ ክሮች በደንብ አልገቡም፣ ግን ተቀመጡ። መቃኛዎቹን አዟዙሬ ከታችኛው ክር ጀምሬ ቃኘሁ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ወርዷል። ተመልሼ ቃኘሁት። ሁለተኛው ወረደ።

«ምታው» አለ ሻምበሉ።

መታሁት። ምን እንደምለው አላውቅም። የታመመ በግ ድምፅ ነበር። እንደገና ቃኘሁ፣ እንደገና መታሁ። ክሮቹ በጣቴ ሥር ይለጠጣሉ፤ እየሰማሁት ይወርዳሉ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ።

«ይህ ነው ሠርግ ላይ የሚመታው?» አለ ሻምበሉ።

ወንድሜ ያን ጊዜ ተናገረ። «ናይለን ነው ጌታዬ። አዲስ ሲሆን ቀን ይፈልጋል።»

«የትኛውን ቀን?»

ወንድሜ ሳቀ። አውቆ አይደለም፤ አመለጠው። እኔ ሳቁን አውቀዋለሁ፣ ክፋት የለበትም። በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ መጥቶ በጥፊ መታው።

ሻምበሉ የቆጠራውን አሥር አለቃ አስጠራ። ይህ አሥር አለቃ ጠዋት ጠዋት ስማችንን የሚጠራ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

«አንተ ክራር ትመታለህ አይደል?»

«እመታለሁ ጌታዬ።»

ሻምበሉ በእርሳሱ የጊታሩን ሆድ ነካ፤ ድልድዩን። «ክራር ላይ ይህ ምን ይባላል?»

አሥር አለቃው ጎንበስ ብሎ አየ። ከእኛ ጋር ጠብ የለውም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

«ብርኩማ ነው ጌታዬ።»

«ድልድይ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አልሰማሁም።»

ብርኩማ። ቃሉን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። እኔ በአማርኛ ትምህርት ጥሩ ውጤት የማመጣ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ግን ክራር አልነበረም። ሰፈራችን ውስጥ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም፣ ዓረብኛም ይሰማ ነበር፤ ክራር የሚመታ ግን አላውቅም። ብርኩማውን ለእኔ ተው ብለን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ማን ያስረናል?

«የተማርኩት ከጣልያን ነው ጌታዬ» አለ ወንድሜ። «እሱ ድልድይ ነበር የሚለው።»

«ከጣልያን» አለ ሻምበሉ። ቃሉን ቀስ ብሎ ጻፈው። «ልጁን መልሱት።»

እየወሰዱኝ ዞሬ አየሁ። ወንድሜ እኔን አያይም፤ ጊታሩን ነበር የሚያየው። ስድስተኛው ክር ጠረጴዛው ላይ ብቻውን እየወረደ ነበር።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ወደ እኛ ክፍል አስገቡት። ሁለት ሰው ደግፎት ነበር። እግሩ መሬት ሲነካ ፊቱ ይለወጣል። ጋሪ ነጂው ተነስቶ በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ፣ በስንጥቁ ትንሽ አየር የሚገባበትን ለቀቀለት። ሽርጡንም ፈትቶ አነጠፈለት፤ ራሱ በውስጥ ሱሪ ቀረ።

«አቦ አትዩኝ» አለ ለተማሪዎቹ። «እኔ ሴት አይደለሁ፣ ምኔን ታያላችሁ?»

ወንድሜ ሊስቅ ሞከረና ሆዱን ያዘ።

ውሃ በቆርቆሮ ጣሳ አጠጣሁት። ግማሹ ፈሰሰ። ከወገቡ በታች እንዳልነካው በዓይኑ ነገረኝ። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ላብ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ጋሪ ነጂው ግን ያወቀ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ልነግረው ፈለግኩ። ስምህን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ ልለው። ሦስት ጊዜ «ጋሼ» ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ።»

«ወይ።»

«እኔ…»

«ሁለተኛዋን ክር ጥሩ አድርገህ ቋጠርካት» አለኝ። «አየሁህ።»

«ወረደች እኮ።»

«ቋጠሮው አልወረደም። ክሩ ነው የወረደው። እሱ ያንተ ጥፋት አይደለም።»

ይህን ያለው ስለ ክሩ ብቻ ይሁን ስለ ሌላውም ነገር፣ አላውቅም። እስካሁን አላውቅም። ማን እንደጠቆመው አልጠየቀኝም። ምናልባት ያውቅ ነበር፤ ወረቀቱ በእኔ እጅ ነውና የተጻፈው፣ ማወቅ አይከብድም። ምናልባት ሊጠይቀኝ አስቦ አቅም አጥቶ ይሆናል። እኔም አልነገርኩትም። ትንሽ ሲሻለው እነግረዋለሁ አልኩ።

በኋላ ስለ እናታችን ጠየቀኝ። ምግብ እያመጣች በር ላይ እንደምትቆምና እንደማያስገቧት ነገርኩት። «ጨው ልከዋት በርበሬ እንዳታመጣ» አለ። ከዚያ ብዙ አልተናገረም። አንድ ጊዜ ብቻ «ሞቀኝ» አለ፤ ሸሚዜን አውልቄ አራገብኩለት። ክንዴ ሲዝል ሌላው ተማሪ ይቀበለኛል። ጋሪ ነጂው ራሱን ጭኑ ላይ አስደግፎ በኦሮምኛ የሆነ ነገር በለሆሳስ ይለዋል። ወንድሜ ኦሮምኛ ከእኔ ይበልጥ ያውቅ ነበር፤ አንዳንዴ ይመልስለት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዱት መጡ። ሐኪም ቤት ነው አሉ። ሲያነሱት እጄን ያዘ። በዚያ በተቃጠለው እጁ ነው የያዘኝ፤ ቆዳው ገና አልዳነም። ከዚያ ለቀቀኝ።

ጋሪ ነጂውን በየቀኑ ያወጡት ነበር። ጣቢያው ውሃ የሚያስቀዳው በበርሜል፣ በጋሪ ስለሆነ፣ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲገባ እንደ ወትሮው «ወሪያ» አላለኝም። አጠገቤ ተቀመጠ።

«ወንድምህን የጫነው የኔ ጓደኛ ነው» አለኝ። «ከዚህ ሲያወጡት ጋሪው ላይ። ገና የደቻቱን ወንዝ ሳይሻገሩ።» እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። «ጓደኛዬ ፈረሱን አቁሞ ዓይኑን ከድኖለታል። ፖሊሶቹ ንዳ አሉት። መጀመሪያ ከድኖለት ነው የነዳው። ይህን ንገረው ብሎኛል።»

ሐኪም ቤት አልደረሰም ማለት ነው። ማታ ዘበኛው በር ከፍቶ የወንድሜን ነጠላ ጫማ ለመውሰድ ሲገባ፣ አንዱ ተማሪ ሰውየው የት ነው ብሎ ጠየቀው።

«ሐረር ተዛውሯል» አለ ዘበኛው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልተቆጠረም። ከተፈታሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ የገቢና ወጪ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ቀሪ የሚሆነውን ቅጂ ደጋግሜ ስለማነብ ቀርፋፋ ነው ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቃል፣ ይህን የማያውቀኝ ሰው ሲያነበው ምን ይመስለዋል ብዬ እጠይቃለሁ። እናቴ ስለዚያ ወረቀት ትጠይቀኛለች። «አስጽፈው ያልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። አይደለሽም እላታለሁ። እሷም ወንድሜን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት። ሰማችኝና እራት አቀረበችልኝ። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ምሕረት ይከብደኛል። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ስለዚያ ሳምንት የማላፍርበት አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ ስለ እሱ ጽፌ ልጨርስ።

ያ ቅዳሜ ሲመሽ ጥጌ ላይ ተኮራምቼ፣ ለእነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ እውነት አልናገርም ብዬ በልቤ ምዬ ነበር። እውነት የነገርኳቸው ጊዜ ያደረጉትን አይቻለሁ። ጠዋት ግን ለቆጠራ ግቢው ውስጥ አሰለፉን። ፀሐይዋ ገና ከተራራው ብቅ ማለቷ ነበር፤ መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር። ክራር መቺው አሥር አለቃ የስም መዝገቡን ገልጦ መጥራት ጀመረ። ሻምበሉም በረንዳው ላይ ቆሟል። እየጠራ፣ እየጠራ መጣና የወንድሜን ስም ከነአባታችን ስም ጠራ።

ማንም አልመለሰም።

«ሐረር ተዛውሯል» አለ አንዱ ዘበኛ። አሥር አለቃው ብዕሩን አነሳ።

ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣሁ።

«አልተዛወረም» አልኩ። «ሞቷል። ትናንት ጠዋት ከዚህ ግቢ ሲወጣ ነው የሞተው። ሞተ ብለው ይጻፉ።»

ከበረንዳው ላይ ሻምበሉ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ከማን ሰማህ?» አለ።

ጋሪ ነጂው ከእኔ በስተግራ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሟል። ትንፋሹ ይሰማኛል። አላየሁትም።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ።

«ከማን ሰማህ ነው የምልህ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት ጌታዬ። ወንድሜ ነው።»

ዘበኛው በሰደፉ ጀርባዬን መታኝ፤ በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ተነስቼ ቆምኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አሥር አለቃው ወደ በረንዳው አላየም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ምን እንደጻፈ ከቆምኩበት አይታይም፤ ግን አጭር ነበር፣ ሐረር ተዛውሯል የሚለውን አያህልም።

ቀጥሎ ያለውን ስም ጠራ። የአባታችን ስም አንድ ስለሆነ ከእሱ ሥር የተጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

«አቤት» አልኩ።